የነዳጅ ታንክ አፍ፦ ከእሽቅድምድም ሜዳ ወደ ጣርማ በር ዳገት

ስለ እሽቅድምድም መኪና ሲነሣ የአብዛኞቻችን ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ሞተሩ ነው። የሜካኒካል ምሕንድስና ተማሪ ከሆንን ደግሞ የፈረስ ጉልበቱን፣ የአየር ግፊቱንና የፍጥነቱን ስሌት እናነሣለን። ይሁን እንጂ የእሽቅድምድም ዓለም ለተራው ተሽከርካሪ ካበረከታቸው ነገሮች መካከል በዚህ ደጋ ለምንኖር ሰዎች ይበልጥ የሚጠቅመን ሞተሩ አይመስለኝም። የሚጠቅመን ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ፣ ኤሌክትሪክም ኮምፒዩተርም የማይፈልግ አንድ ትንሽ ክፍል ነው፤ እርሱም የነዳጅ ታንኩን አፍ በራሱ የሚዘጋው ክዳን ነው። ደብረ ብርሃንን አቋርጦ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ለሚመላለሱ አሮጌ ተሽከርካሪዎች እንዲህ ያለ ራስ ዘጊ ክዳን በአገር ውስጥ ሊነደፍና ሊሠራ ይገባል፤ ሥራውም ለድኅረ ምረቃ ምርምር የሚበቃ ነው። ነገር ግን የእሽቅድምድሙ ንድፍ እንዳለ ተገልብጦ ቢመጣ ከዳገታችንና ከልማዳችን ጋር እንደሚጋጭ ከወዲሁ ማወቅ ያስፈልጋል።

አሠራሩን ማስረዳት አይከብድም። በታንኩ አንገት ውስጥ ክብ መቀመጫ አለ። በመቀመጫው ላይ በማጠፊያ የተያያዘ ክብ ብረት ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ያርፋል፤ ሞላ ከታንኩ ወገን እየገፋ ከመቀመጫው ጋር ያጣብቀዋል፤ በመካከላቸው ነዳጅ የሚችል ጎሚኒ አለ። የማደያው ቱቦ ጫፍ ሲገባ ክዳኑን ወደ ውስጥ ገፍቶ ይከፍተዋል፤ ሲወጣ ሞላው ይመልሰዋል። ጋራዦቻችን ታፖ የሚሉት በእጅ የሚጠመዘዝ ክዳን ሰው ካልዘጋው አይዘጋም፤ ይኼኛው ግን ሰው ካልያዘው ክፍት አይሆንም።

የንድፉ ብልሃት በሞላው ላይ ብቻ አይደለም፤ በመከፈቻው አቅጣጫ ላይም ነው። ክዳኑ የሚከፈተው ወደ ታንኩ ውስጥ ስለሆነ ከውስጥ የሚመጣ ግፊት ሁሉ ይዘጋዋል እንጂ አይከፍተውም። መኪናው ቢገለበጥ በላዩ የሚጫነው የነዳጅ ክብደት ይበልጥ ያጣብቀዋል፤ የክዳኑም የራሱ ክብደት እንዲሁ። ጣሪያው ወለል ሲሆን ሞላው ሙሉ በሙሉ ባይሠራ እንኳ ስበት ሥራውን ይወስድለታል። አደጋው በበረታ ቁጥር መዝጊያው የሚበረታበት ንድፍ በምሕንድስና ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ ፊያ፣ በደንቡ አባሪ ጄ አንቀጽ 253 የነዳጅ አንገታቸው በተሳፋሪው ክፍል ውስጥ አልፎ ለሚሄድ ከተራ መኪና ለተሻሻሉ ተወዳዳሪዎች ይህንን ቫልቭ ግዴታ አድርጎታል። ቫልቩ አንድ ወይም ሁለት ክዳን ያለው፣ ነዳጅ የማይመልስ ዓይነት እንዲሆንና በአንገቱ ውስጥ በታንኩ ወገን እንዲገጠም ያዛል። «በታንኩ ወገን» የምትለው ሐረግ በችኮላ የምትታለፍ አይደለችም። በግጭት ጊዜ መጀመሪያ የሚቀደደው ታንኩ ሳይሆን አንገቱ ነው፤ አንድ ጫፉ ከመኪናው አካል ላሜራ፣ ሌላው ጫፉ ከታንኩ ጋር የታሰረ በመሆኑ ሁለቱ በተለያየ አቅጣጫ ሲሄዱ ይበጠሳል። መዝጊያው በውጭው ጫፍ ላይ ከሆነ ከተበጠሰው ቁራጭ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ታንኩ አፉን ከፍቶ ይቀራል። እኛ ዘንድ የጠፋ ታፖ በጨርቅ ወይም በፌስታል ሲተካ አይተን የምንነቅፈው ውትፈቱን ነው። በእኔ እምነት ግን አዲስና ጥሩ ታፖ ቢገዛለትም የቦታው ስሕተት አልታረመም።

የእሽቅድምድም ሰዎች እዚህ የደረሱት በቀላሉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 በኢንዲያናፖሊስ 500 ውድድር ዴቭ ማክዶናልድና ኤዲ ሳክስ በተቀጣጠለ ቤንዚን ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1976 በኑርቡርግሪንግ ኒኪ ላውዳ ከእሳት ውስጥ በሌሎች አሽከርካሪዎች እጅ ወጣ። በፎርሙላ አንድ በውድድር መካከል ነዳጅ መሙላት ከ1984 እስከ 1993 ተከልክሎ በ1994 ሲመለስ የመሙያው ጫፍና የመኪናው አፍ እርስ በርስ ካልተቆለፉ ነዳጅ የማያሳልፉ፣ ሲላቀቁም ሁለቱም በየራሳቸው የሚዘጉ ሆነው ቀረቡ። በወረቀት ላይ አንድ ጠብታ የሚፈስበት መንገድ አልነበረም።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 31 ቀን በጀርመን ሆከንሃይም የጆስ ቨርስታፐን የቤኔቶን መኪና ነዳጅ ሲሞላ በእሳት ተዋጠ። ሰው አልሞተም። ምርመራው የመሙያው ቫልቭ በቶሎ ያልተዘጋው ባዕድ ነገር ስለገባበት መሆኑን ገለጸ፤ ይህን ለመከላከል የተሠራው ማጣሪያም ከመሣሪያው ላይ ተነሥቶ ነበር። ከታሪኩ ሁሉ ለእኛ የሚቀርበው ይህ ነው። በዓለም ላይ ብዙ ገንዘብ በሚፈስበት ውድድር፣ ሠራተኞቹ ተመርጠው በሠለጠኑበት ቦታ፣ ራስ ዘጊ ቫልቭን ያሸነፈው ከቦታው ውጭ የተገኘ አንድ ቅንጣት ነበር። አቧራ ከእኛ መንገድ መቼ ጠፍቶ ያውቃል?

አሁን ወደ መንገዳችን እንምጣ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄድ ተሽከርካሪ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ፣ በዋሻው አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ይላል። ይህ ሁሉ ከመቶ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ውስጥ ነው። የመደበኛውን ከባቢ አየር ስሌት ብንጠቀም የአየሩ ግፊት በሸዋ ሮቢት 87 ኪሎፓስካል ገደማ፣ በደብረ ብርሃን 71.5፣ በጣርማ በር (3,100 ሜትር ብለን ብንይዝ) 69 ገደማ ይሆናል። የሙቀት ለውጥን ወደ ጎን ትተን፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ጥብቅ ተደርጎ የተዘጋ ታንክ ጣርማ በር ሲደርስ ከውጩ አየር በ17 ወይም በ18 ኪሎፓስካል የበለጠ ግፊት ይዞ ይወጣል ማለት ነው። የቤንዚኑ እንፋሎት ገና አልተቆጠረም። ቤንዚን የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ በመሆኑ አንድ ቁርጥ ያለ የመፍያ ነጥብ የለውም፤ ቀላሎቹ ክፍሎቹ በባሕር ጠለል ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውስጥ መፍላት ይጀምራሉ። በቆላ ሙቀት ተቀድቶ ወደ ሳሳ አየር የሚወጣ ቤንዚን ታንኩ ክፍት ከሆነ ይተናል፤ ዝግ ከሆነ ይጫናል።

ውስጠኛ ስፋቱ 50 ሚሊሜትር የሆነ ክዳን እንውሰድ። የ17.5 ኪሎፓስካል ልዩነት በላዩ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል 34 ኒውተን ያህል ነው፤ ይህም ከሦስት ኪሎ ተኩል ክብደት ጋር ይስተካከላል። በዳገት ወቅት ይህ ኃይል ከመዝጊያው ጋር ስለሚተባበር ለማተሙ በጎ ነው። ችግሩ ማደያው ላይ ይመጣል። ከሸዋ ሮቢት ወጥቶ ደብረ ብርሃን የሚቀዳ መኪና የታንኩ መተንፈሻ ከተደፈነ፣ ነዳጅ ቀጂዋ ክዳኑን ለመክፈት ሦስት ኪሎ በሚያህል ኃይል መግፋት ይኖርባታል፤ ሲከፈትም የታመቀው እንፋሎት ወደ ፊቷ ይወጣል። አንዳንድ ሾፌር ታፖውን ሲያላላ የሚሰማው የሹክሹክታ ድምፅ የዚሁ ነገር ታናሽ ወንድም ነው።

ቁልቁለቱ ነገሩን ይገለብጠዋል፤ በዚህ ረገድ የእሽቅድምድሙ ደንብ ጸሐፊዎች የእኛን መንገድ በሐሳባቸው የያዙ አይመስሉም። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ የውጩ አየር ከታንኩ ውስጥ ይበረታል፤ ክዳኑ ደግሞ ወደ ውስጥ የሚከፈት ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ሞላውን ሲያሸንፍ ክዳኑ ያለ ማንም ትእዛዝ ይከፈትና አየር ይስባል። የሞላው ኃይል በክዳኑ መሃል ሲለካ 5 ኒውተን ቢሆን፣ የሚያሸንፈው የግፊት ልዩነት 2.5 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ በዚህ ከፍታ ይህን ያህል ለውጥ የሚመጣው በ260 ሜትር ያህል ቁልቁለት ነው። አንድ ሚኒባስ ከዋሻው እስከ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ክዳኑ ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ ይተነፍሳል ማለት ነው። በተነፈሰ ቁጥርም በአንገቱ ውስጥ ያለውን አቧራ ይዞ ይገባል፤ አንዷ ቅንጣት በጎሚኒው ላይ ካረፈች ሆከንሃይም በደብረ ሲና ቁልቁለት ተደገመ። ሞላውን አጠንክሮ ይህን ማስቀረት ይቻላል የሚል ይኖር ይሆናል። ቢጠነክር ግን ቀጭኑ የላሜራ ታንክ ራሱ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፤ ጋራዦች ሳልባትዮ የሚሉት ይህ ታንክ ግፊት ለመሸከም አልተሠራም።

መፍትሔው ክዳኑን መተንፈሻ ከማድረግ ማዳን ነው። ክዳኑ የነዳጅ መግቢያ ብቻ ይሁን፤ አየር በሌላ መንገድ፣ ማጣሪያ ባለው መተንፈሻ ይግባ፣ ይውጣ። የፊያ ደንብ ለደኅንነት ታንኮች መተንፈሻ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ መኪናው ሲገለበጥ በስበት የሚዘጋ ቫልቭ፣ ነዳጅ ከፍ ሲል የሚዘጋ የተንሳፋፊ ቫልቭ፣ እንዲሁም ተንሳፋፊው ሲዘጋ ከ200 ሚሊባር ባልበለጠ ትርፍ ግፊት የሚፈነዳ ማስተንፈሻ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እንዳሉ እንውሰድ። ሦስተኛው ላይ ግን ቆም ማለት ይገባል። 200 ሚሊባር 20 ኪሎፓስካል ነው፤ የእኛ ዳገት ብቻውን ከዚህ ውስጥ 17 ወይም 18ቱን ሊበላ ይችላል። በጠፍጣፋ አገር ሰፊ የሚመስለው የደኅንነት ክልል በሰሜን ሸዋ ገደል ጫፍ ላይ ያደርሰናል። የደኅንነት ታንኩ ተጣጣፊ ከረጢት ስለሆነ ይችለዋል፤ የእኛ ላሜራ ታንክ፣ በተለይም በብየዳ የተጠገነው፣ ይችለዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። የማስተንፈሻው መጠን ለዚህ መንገድ እንደገና መወሰን አለበት፤ ከጠቅላላው ጥናትም ዋናው የዲዛይን ጥያቄ ይህ ይመስለኛል።

አንድ የተለመደ መከራከሪያ በዚህ መሃል ልጥቀስ። «የደብረ ብርሃን ብርድ ቤንዚኑን ይጠብቀዋል» ይባላል። ብርዱን የሚያውቅ ሁሉ መከራከሪያው ደስ ሊለው ይችላል፤ ግን አይሠራም። የቤንዚን እንፋሎት ለመቀጣጠል የሚበቃው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ሳለ ነው፤ የጥቅምትና የኅዳር ውርጫችን ከዚያ በጣም የራቀ ነው። ብርዱ የሚጠቅመው ለናፍጣ ነው፤ ናፍጣ ደግሞ መጀመሪያውንም ያን ያህል አያሰጋም። ስለዚህ ጥናቱ ከከባድ መኪኖች ይልቅ በቤንዚን ከሚሠሩት ቢጀምር እመርጣለሁ።

ከግፊቱ ስሌት የሚከብደው የሰው ልማድ ነው። ራስ ዘጊ ክዳን የተሠራው ለማደያ ቱቦ ነው። እኛ ዘንድ ግን ነዳጅ እጥረት ሲኖር ከጀሪካን ይቀዳል፤ ማንቆርቆሪያውም አብዛኛውን ጊዜ ወገቡ ላይ የተቆረጠ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱ ክዳኑን መግፋት ካቃተው ሾፌሩ ምን ያደርጋል? እንጨት ያስገባል፤ እንጨቱ ካስቸገረው ክዳኑን ነቅሎ ይጥለዋል። በሆከንሃይም ማጣሪያው የተነሣበትን ሁኔታ ያስታወሰ ሰው ሾፌሩን ባላዋቂነት አይወቅስም፤ ሥራን የሚያዘገይ የደኅንነት መሣሪያ በሠለጠነ እጅም በሻካራ እጅም ይነቀላል። ፎርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሞዴል መኪኖቹ ላይ ታፖ የሌለው ራስ ዘጊ አፍ ሲያቀርብ ከጀሪካን ለሚቀዳ ሰው ክዳኑን የሚከፍት የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ አብሮ የሰጠው ይህንኑ ችግር አስቀድሞ ስላየ ነው። እኛ ግን ማንቆርቆሪያ አብሮ መስጠት ብቻ ይበቃናል ብዬ አላምንም፤ በሁለተኛው ሳምንት ይጠፋል። ክዳኑ ራሱ በጠርሙስ አፍ የሚገፋ ሆኖ መነደፍ አለበት።

ደግነቱ፣ ይህ ከላይ ካየነው የመከፈቻ አቅጣጫ ጋር ይስማማል። ከውስጥ የሚመጣው ግፊት ራሱ ስለሚዘጋ ሞላው ጠንካራ መሆን አያስፈልገውም። መኪናው ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለ ሞላው የሚሸከመው የክዳኑን የራሱን ክብደትና የመንገዱን ንዝረት ብቻ ነው። ክዳኑ 50 ግራም ቢመዝንና ጉድጓድ ላይ ሲወድቅ የስበትን አምስት እጥፍ ቢናወጥ፣ የሚያስፈልገው ኃይል ከ3 ኒውተን አይበልጥም። ጎሚኒውን ለማጣበቅ ሌላ 2 ቢጨመርበት 5 ኒውተን ይሆናል፤ ግማሽ ኪሎ ያህል መሆኑ ነው፤ የፕላስቲክ ጠርሙስ አፍ ሳይጣመም ሊገፋው ይችላል። ለጠርሙሱ የሚመች ሞላ በቁልቁለት ጊዜ የሚተነፍስ ሞላ መሆኑን አንባቢ ሳያስተውል አይቀርም፤ መተንፈሻው በተለየ መንገድ እንዲሆን አጥብቄ የምሟገተውም ለዚሁ ነው።

ጎሚኒውን በተመለከተ አጭር ማሳሰቢያ ብቻ። ከመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ የሚቆረጥ ጎሚኒ ለውኃ ያገለግል ይሆናል፤ በቤንዚን ግን ያብጣል፤ ያበጠ ጎሚኒ ክዳኑን ወይ ያጣብቀዋል ወይ ከመቀመጫው ያነሣዋል። ናይትሪል የሚባለው ጎማ ያስፈልጋል። ከንድፉ ሁሉ በግዢ የሚመጣው ይህ ክፍል ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ክዳኑ፣ ማጠፊያውና መቀመጫው ተርነሪ ባለበት ወርክሾፕ ይሠራሉ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ጠቅሶ ይህ ሁሉ ያለፈበት ሥራ ነው የሚል ይኖራል። ውሳኔው የሚያመለክተኝ ተቃራኒውን ነው። አዲስ የማይገባ ከሆነ ያሉት ይበልጥ ያረጃሉ፤ ለብዙ ዓመት ይጠገናሉ፤ ታፖዎቻቸው ይጠፋሉ፤ መለዋወጫቸውም እየተወደደ ይሄዳል። ራስ ዘጊ ክዳን የሚያስፈልገው ለአዲስ መኪና አይደለም፤ ለአሥራ አምስት ዓመት ሚኒባስ ነው። ክዳኑ የነዳጅ ሌባን ያስቆማል ብለው የሚጓጉም አሉ። እውነቱን ለመናገር አያስቆምም፤ የሌባውም ቱቦ እንደ ማደያው ቱቦ ገፍቶ ይገባል። በዚህ ሰበብ ሾፌሮችን ማግባባት ቀላል ቢሆንም ያልሆነውን ነው ብሎ መሸጥ አይገባም።

ለጥናቱ የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው፦ የግፊት መለኪያ፣ የሙቀት መለኪያ፣ የሚመዘግብ ትንሽ ሣጥን፣ አንድ አሮጌ ታንክ፣ ታንኩን የሚገለብጥ ማዕቀፍ። የመገልበጡ ሙከራ በውኃ ይጀመር፤ በቤንዚን የሚጀምር ተማሪ ካለ አማካሪው ፊርማውን ይያዝ። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ የሚጫነው ጭነት ከፍ ይላል፤ በአንጻሩ ቤንዚን ቀጠን ስለሚል ውኃ በማያሳልፍ ስንጥቅ ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ የመጨረሻው የማፍሰስ ፍተሻ በራሱ በነዳጁ፣ በገላጣ ሜዳ መደረጉ አይቀርም። ለግፊቱ ሙከራ ሌሎች ተቋማት አየር የሚቀንስ ክፍል መግዛት ይኖርባቸዋል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ግን 1,800 ሜትር የሚያህል የከፍታ ልዩነት በአንድ ጠዋት ጉዞ ያገኛል፤ ክፍያውም የደርሶ መልስ ነዳጅ ነው። መለኪያው የተገጠመለት ታንክ በዝናብ ወራትና በበጋ፣ ግማሽ ሞልቶና ጢም ብሎ፣ በጣርማ በር ቢመላለስ የማስተንፈሻው መጠን ምን ያህል መሆን እንዳለበት በግምት ሳይሆን በቁጥር ይታወቃል።

ከዚያ ቀጥሎ ጉዳዩ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ይወጣል። በዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ጊዜ የታንኩ አፍ ተከፍቶ ይታይ፤ ጨርቅ የተወተፈበት ተሽከርካሪ ፍሬኑ እንደማይዝ መኪና ተቆጥሮ ይመለስ። ይህ እርምጃ የሚጸናው ግን ለተመለሰው ሾፌር የሚገጠም ነገር በቅርቡ ሲገኝ ነው፤ ዋጋውም ከአንድ ታፖ ብዙ ያልራቀ መሆን አለበት። የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች በዩኒቨርሲቲው የራሱ የአገልግሎት መኪኖች ላይ ተገጥመው አንድ ክረምት ይሥሩ፤ ስንቱ ክዳን በቦታው እንደቆየ፣ ስንቱ በእንጨት እንደተወጠረ፣ ስንቱ እንደተነቀለ ይቆጠር።